ዕቅዱ ወረቀት ላይ፣ ገንዘቡስ ከየት?

ታዳጊ አገር የአየር ሙቀት የሚያባብሰውን ጋዝ ለመቀነስ መጀመሪያ ያቅዳል፤ ቀጥሎ ገንዘብ ይፈልጋል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ዕቅድ፣ በ2030 ሊኖር ከሚችለው ጋዝ 68.8 በመቶ ለመቀነስ አስባለች። 14 በመቶው በራሷ አቅም ነው፤ 54.8 በመቶው ግን የውጭ ድጋፍ ከተገኘ ነው። ታዲያ ድጋፉ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?

ከላንቴ ወደ ሶዶ ሲኬድ በመንገዱ ሁምቦ ይገኛል። እዚያ 7 የገበሬ ማኅበራት 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከምሳር ከለሉ። ከድሮው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየገረዙ አሳደጉ። ለመነሻው ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት ረዳቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም ዛፉ ከአየር ከሳበው ካርቦን 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ።

ከዚህ የምንረዳው፣ መነሻ ገንዘብ ቢያስፈልግም የካርቦኑ ዋጋ የሚከፈለው ተለክቶ ለተረጋገጠ ሥራ እንጂ ለዕቅድ አለመሆኑን ነው።

ሐሬ ወንዝ ከጋሞ ደጋ ይወርዳል። ደጋው ሲራቆት ጎርፉ የሚያርፈው ቆላው ላይ ነው። ስለዚህ ዕጩ መምህራን፣ በምንመደብበት ሁሉ ተማሪዎቻችን ዛፍ መትከል ብቻ ሳይሆን የጸደቀውን መቁጠር፣ መለካትና መመዝገብም ይልመዱ። ይህም የሒሳብ ትምህርት ነው።