የለጋሽ ኩላሊት ባዮፕሲ «ጥሩ አይደለም» ሲባል ምን ማለት ነው?

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ወንድሜ ኩላሊት ተገኝቶለት ነበር፤ ባዮፕሲው ጥሩ አይደለም ተብሎ ቀረ። ምን ማለት ነው?» ዛሬ እሱን እንይ።

ባዮፕሲ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ካንሰር ነው። እዚህ ግን በዋናነት የሚፈለገው ጠባሳ ነው። ሕይወቱ ካለፈ ለጋሽ ከወጣ ኩላሊት ላይ ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አንድ ኩላሊት ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ ግሎሜሩለስ የሚባሉ ጥቃቅን የደም ማጣሪያዎች አሉ። በዕድሜ፣ በደም ግፊት ወይም በስኳር ሕመም የተነሳ የተወሰኑት ወደ ጠባሳ ተቀይረው ሥራ ያቆማሉ። ፓቶሎጂስቱ እነዚህን ይቆጥራል፤ የቱቦዎቹንና የደም ሥሮቹንም ሁኔታ ያያል። ጠባሳው ሲበዛ ኩላሊቱ ቶሎ ሊደክም ይችላል ነው ነገሩ።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት ጠባሳ የሆኑት ማጣሪያዎች ከ20 በመቶ ሲበልጡ የንቅለ ተከላው ውጤት እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ይቺ «20» የምትባል ቁጥር እንደ ድንበር ትታያለች። ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሴፔ ሬሙዚና ባልደረቦቹ ደግሞ ከ0 እስከ 12 የሚሄድ ነጥብ አወጡ፦ እስከ 3 ከሆነ ኩላሊቱ ብቻውን ይተከላል፣ ከ4 እስከ 6 ከሆነ ሁለቱም ኩላሊቶች ለአንድ ሰው ይሰጣሉ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አይተከልም። በ2006 ባወጡት ጥናት በዚህ መንገድ የተመረጡ፣ ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ለጋሾች የመጡ ኩላሊቶች ከወጣቶቹ ጋር የሚቀራረብ ውጤት ሰጥተዋል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ናሙናው ላይ።

ከ1 ሚሊዮን ማጣሪያ ውስጥ ናሙናው ላይ ቢያንስ 25 ቢገኝ በቂ ነው ይባላል። እስቲ አስቡት፦ ከ25ቱ 5ቱ ጠባሳ ከሆኑ 20 በመቶ፣ 6 ከሆኑ 24 በመቶ። አንዲት ማጣሪያ ድንበሩን አሻገረች ማለት ነው! ደግሞ ናሙናው ከኩላሊቱ ላይኛ ገጽ ብቻ ተሸርፎ ከተወሰደ ጠባሳው ከእውነቱ የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱም ጠባሳ እዚያ አካባቢ ይበዛል። ሰዓቱም አይጠብቅም። ኩላሊቱ በረዶ ላይ ነው፤ ስለዚህ ናሙናው በጥድፊያ ቀዝቅዞ ይቆረጣል፣ ምስሉም እንደ መደበኛው ጥርት አይልም። ሌሊት ተረኛ የሆነው ፓቶሎጂስት ሁልጊዜ የኩላሊት ስፔሻሊስት ነው ማለት አይደለም።

ሌላም አለ። ማዮ ክሊኒክ 1,203 ጤነኛ በሕይወት ያሉ ለጋሾችን አይቶ ነበር። በባዮፕሲ የሚታየው የእርጅና ጠባሳ ከ30 ዓመት በታች በሆኑት 2.7 በመቶ ብቻ ላይ ሲገኝ፣ ከ70 በላይ በሆኑት ግን 73 በመቶው ላይ ነበር። ሁሉም ጤነኞች ናቸው! ስለዚህ ባዮፕሲው ከሚነግረን ብዙውን የለጋሹ ዕድሜ አስቀድሞ ይነግረናል።

አሜሪካ ውስጥ ተወስደው ለሚጣሉ ኩላሊቶች በብዛት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የባዮፕሲ ውጤት ነው። ፈረንሳይ እንደ አሜሪካ ባዮፕሲ አታበዛም። በ2019 የወጣ ጥናት ሁለቱን አገሮች ሲያነጻጽር፣ ከ2004 እስከ 2014 አሜሪካ 17.9 በመቶ፣ ፈረንሳይ 9.1 በመቶ ኩላሊት ጥለዋል። አሜሪካ ከጣለቻቸው 62 በመቶ ያህሉ በፈረንሳዮች አሠራር ይተከሉ እንደነበር አጥኚዎቹ ገምተዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው እጥበት ላይ እየጠበቀ ነው።

በእኔ እይታ ባዮፕሲ ከለጋሹ ዕድሜ፣ ከክሬቲኒንና ከሕመም ታሪኩ ጋር አብሮ መነበብ ያለበት አንድ መረጃ ነው። ብቻውን ኩላሊት ማስጣል የለበትም።

አገራችን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረው ንቅለ ተከላ ወዲህ፣ ኩላሊት የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሳም።

አሜሪካ ወረፋ ላይ ያላችሁ ግን፣ ማዕከሉ ብዙ ጊዜ ኩላሊቱን እናንተ ሳትሰሙ ሊመልሰው እንደሚችል እወቁ። ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኬዲፒአይ የሚባለው የለጋሽ ነጥብ ከ85 በላይ የሆነ ኩላሊት እንዲቀርብላችሁ አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈርማችሁ እንደሆነ አጣሩ። ባዮፕሲ ከተጠቀሰ ደግሞ «ናሙናው ላይ ስንት ግሎሜሩለስ ነበር? ይህን ብንተወው ቀጣዩን እስከ መቼ እንጠብቃለን?» ብላችሁ ጠይቁ።