ተርሚናሉ በማን እጅ ነው?

ቆይ ቆይ፣ ኮዱን አትደምስሰው፤ እስቲ ወንበሩን ጠጋ አድርግልኝ። በጻፍከው ሼል ካትን ስታስነሳው አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ገና ሳይጀምር ቆሞ ይቀራል፣ አይደል? እንዲህ ሲያወላውል ሬስ ኮንዲሽን ነው ብለህ ጠርጥር። ከፎርክ በታች የሸጎጥካትን ስሊፕ አሁኑኑ አውጣት፤ ችግሩን ትደብቅልሃለች እንጂ አትፈታልህም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

መጀመሪያ ማን እንዳስቆመው እንወቅ። ዌይትፒአይዲ የመለሰልህን ስታተስ በደብሊውስቶፕሲግ አሳልፈህ አትመው። አየህ፣ 21 አለ። በሊኑክስ ኮንትሮል ዜድ ቢሆን ኖሮ 20 ይል ነበር፤ 21 ሲግቲቲን ነው። ካት ተርሚናሉ ሳይሰጠው ሊያነብ ሲል ከርነሉ አስቆመው ማለት ነው። ከርነሉ ሥራውን ሠራ፤ ጥፋቱ የሼልህ ነው።

አሁን ኮድህን ተመልከት። ቻይልዱ በሴትፒጂአይዲ የራሱን ግሩፕ ይመሠርታል፤ ተርሚናሉን በቲሲሴትፒጂአርፒ የሚያስረክበው ግን ፓረንቱ ብቻ ነው። ከፎርክ በኋላ ማን እንደሚቀድም ዋስትና የለህም። ስለዚህ ሁለቱንም ጥሪ በሁለቱም በኩል አድርገው። ቻይልዱ ኤግዜክ ካደረገ በኋላ የፓረንቱ ሴትፒጂአይዲ ኢአክሰስ ቢመልስ አትደንግጥ፣ እለፈው።

ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። ሼሉ እንደ ኮንትሮል ዜድ ሲግናል ሁሉ ሲግቲቲኦዩንም ችላ እያለ ይቆይ፤ አለዚያ ተርሚናሉን ሊመልስ ሲል ራሱ ይቆማል። ቻይልዱም ይህንኑ ስለሚወርስ መጀመሪያ ግሩፑን፣ ቀጥሎ ተርሚናሉን ይያዝ፤ ሲግናሎቹን ወደ ዲፎልት የሚመልሰው ከዚያ በኋላ፣ ከኤግዜክ በፊት ነው። ቀድሞ ከመለሳቸው ተርሚናሉን ሊይዝ ሲል ይቆማል። ጭራሽ ካልመለሳቸው ደግሞ ችላ የተባለ ሲግናል ኤግዜክንም ተሻግሮ ስለሚሄድ ኮንትሮል ዜድ ብትጫን ካት አይሰማህም።

አንዴ ስለሠራ ተፈታ አትበል፣ የኔ ወንድም። ስሊፕ የሚለውን ትእዛዝ ከካት ጋር በፓይፕ አገናኝተህ ሞክር፤ ሁለቱም በመጀመሪያው ፕሮሰስ ግሩፕ ውስጥ መግባት አለባቸው። ኮንትሮል ዜድ ተጫን፣ በኤፍጂ መልሰው፣ ደግሞ አቁመህ በቢጂ ልቀቀው። ይህንን ሁሉ በሉፕ ደጋግመህ፣ ማሽኑ በሌላ ሥራ ተጨናንቆም ካለፈልህ፣ ያኔ ኮሚት አድርግ።