የአንገት ስፌት ለምን ይጨማደዳል?

መስከረም ሲጠባ የሀዲያ ሰው ለያሆዴ፣ የከምባታ ሰው ለመሳላ ይሰናዳል። ለልጆች ጨርቅ ይገዛል። በሆሳዕናና በዱራሜ፣ በሾኔና በአንጋጫ ልብስ ሰፊዎች በዚያ ሰሞን ፋታ የላቸውም። ወረፋውን ፈርቶ ቤቱ በእጁ የሚሰፋም ሞልቷል። የልብሱ ጎንና የታች ጠርዝ ብዙ አያስቸግርም። ችግሩ አንገቱ ላይ ነው። አንገቱ ተለጥጦ ወይም ተጨማድዶ ከቀረ ጨርቁም ገንዘቡም ከሰረ ማለት ነው።

ለምን ይለጠጣል? ጨርቅ ድርና ማግ እንዳለው ታውቃላችሁ። በድሩ በኩል ሳቡት፤ አይለጠጥም። በማጉ በኩል ሳቡት፤ እምብዛም ነው። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሳቡት፤ አሁን ተለጠጠ! ክብ አንገት ደግሞ ሲቆረጥ መቀሱ በሰያፍ የሚያልፍበት ቦታ አለው። ስለዚህ እንደቆረጣችሁ፣ ስፌቱ ከሚያልፍበት መስመር ጥቂት ወደ ጠርዙ ጠጋ ብላችሁ ዙሪያውን በመርፌና ክር ስፉት። ክሩን አታጥብቁ። ይህ ክር አንገቱን ይይዝላችኋል።

ለምን ይጨማደዳል? ይህንን በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። በሬዎች ማሳው ጫፍ ላይ ሲዞሩ የውጭው በሬ ብዙ ይራመዳል፤ የውስጡ ትንሽ። ክብ ነገር ሁሉ እንዲሁ ነው። ስፋቱ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ አንገት እንሰፋለን እንበል። የስፌቱ መስመር ዙሪያው 56 ሳ.ሜ. ያህል ነው። ለስፌት 1 ሳ.ሜ. ስትተዉ የጨርቁ ጫፍ 50 ሳ.ሜ. ብቻ ይሆናል። ይህ ጫፍ ተገልብጦ ልብሱ ላይ ሲተኛ ግን 63 ሳ.ሜ. ያህል መዞር አለበት። ከየት ያምጣው? ተጎትቶ ይጨማደዳል እንጂ!

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንገቱ ልክ የተቆረጠ፣ ሦስት ጣት ስፋት ያለው ገበር አዘጋጁ። የገበሩን ፊት ከልብሱ ፊት ጋር አገናኙ። አራት እስፒል አስቀድሙ፦ አንድ ከፊት መሐል፣ አንድ ከኋላ መሐል፣ ሁለት በትከሻዎቹ ላይ። ከዚያ በመካከላቸው ሰኩ። ቀጥ ላለ ጠርዝ በየስንዝሩ መሰካት ይበቃል፤ ለአንገት ግን ከሁለት ጣት አይራቅ። እስፒሉ ከጠርዙ ጋር አይጋደም፤ ጠርዙን አቋርጦ ይግባ፣ ራሱም ወደ ውጭ ይሁን። በመኪና የምትሰፉ ከሆነ እስፒሉ ጋ ስትደርሱ ንቀሉት። መርፌው እስፒል ከመታ ይሰበራል፤ ስባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ተሰፍቶ ሲያልቅ የተረፈውን ጠርዝ በየአንድ ጣቱ በመቀስ ቁረጡት። መቀሱ መጀመሪያ የሰፋችሁት ክር ጋ ሲደርስ ይቁም። እንደ ሸማ ሳሳ ያለ ጨርቅ ግን ቶሎ ይተረተራልና ቁርጡ አጠር ይበል። ገበሩን ወደ ውስጥ ገልብጡና ተኩሱ። የከሰል ካውያ ከሆነ አስቀድማችሁ አመዱን አራግፉ፤ አለበለዚያ ነጩ ልብስ ጉድ ይሆናል።

ታቹ ክብ የሆነ ኪስ የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚያ ጫፉ ሲታጠፍ ጨርቅ ይተርፋል። ስለዚህ መሰንጠቅ አይበቃም፤ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን እየቆረጡ ማውጣት ነው።

መልመጃ፦ አሮጌ ጨርቅ ላይ ሰሃን ደፍታችሁ ዙሪያውን በጠመኔ አስምሩ። በመስመሩ ላይ ቆርጣችሁ መሐሉን አውጡ። ለቀረው ቀዳዳ ገበር ሰኩና ስፉለት።