በበጋ ወራት ስለ ተቀበሉት አዲስ ውሻ

ውሻ ከአዲስ ቤት በገባ ጊዜ ጌታውንም ደጁንም ገና አልለመደምና ቢደነግጥ ሸሽቶ ይጠፋል። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደን፥ በ2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ሰደድ እሳት የተነሣው ሣሩ ደርቆ ሳለ ነው፤ በዚህ ወራት ውሻ የተቀበለ ሰው እንግዲህ እጅግ መጠንቀቅ ይገባዋል። መብሉን አንድ ሰው፥ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፥ በስሙ እየጠራ ያቅርብለት። ጭስ ሸትቶት ቢያላዝን አይመቱት፤ ዱላ ፍርሃቱን ያበዛበታልና። ልጆችም ይህን ከመምህራቸው ይስሙ። አስሮት ወደ እርሻ መሄድ ግን ከሁሉ ይከፋል፤ እሳቱ ቢደርስ ከብቱ ሲሸሽ እርሱ በገመዱ ተይዞ ይቀራል። ቤት የሚውል ሰው ከሌለ ለጎረቤት አደራ ይሰጥ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አይዘግይ፤ በባሌ ከውሻ የተላለፈ ይህ ደዌ ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ ፈጅቶአል፥ ከእሳት ሸሽቶ ዱር የገባ ውሻም ከቀበሮው ጋር ይጋጠማል።