የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ፊደላችን የት ቀረ?

በአንድ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ በፊደላችን ብትፈልጉ «አልተገኘም» ሊላችሁ ይችላል፤ መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ምክንያቱ የሚጀምረው ከካርዱ ዘመን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከካርድ ወደ መዝገብ

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1901 ጀምሮ የታተሙ የካታሎግ ካርዶችን ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት ይሸጥ ነበር። በ1960ዎቹ ሄንሪየት አቭራም የተባሉ ፕሮግራመር ሥራውን ወደ ኮምፒውተር አመጡት። ካርድ የሚያነብ ሰው ደራሲውንና ርዕሱን በዓይኑ ይለያል፤ ኮምፒውተር ግን ሊነገረው ይገባል። ስለዚህ ማርክ በተባለው ቅርጸት እያንዳንዱ መረጃ የራሱ ቁጥር አለው፦ 100 ደራሲ፣ 245 ርዕስ፣ 650 ርዕሰ ጉዳይ። ቅርጸቱ በ1966 በ16 ቤተ መጻሕፍት መሞከር ጀመረ፤ ከ1969 ጀምሮ መዝገቦቹ በማግኔቲክ ቴፕ ተሰራጩ። በ2000 ኒውዚላንድ ውስጥ ሥራ የጀመረው ኮሃ የተባለው ነፃ ሶፍትዌርም ማርክን ይጠቀማል።

ፊደላችን መቼ ደረሰ?

የማርክ የቀድሞ ኮድ ላቲንን፣ ሲሪሊክን፣ ዕብራይስጥን፣ ዓረብኛንና ቻይንኛን ይዟል፤ የግዕዝ ፊደል ግን አልነበረበትም። የአማርኛ ርዕስ በላቲን ፊደል ተገልብጦ ይመዘገብ ነበር። ዩኒኮድ በ1999 በ3.0 ዕትሙ ፊደላችንን ሲያካትት በሩ ተከፈተ። ማርክም 880 የተባለ ፊልድ አለው፤ ርዕሱ በራሱ ፊደል የሚጻፍበት ነው። የድሮዎቹ መዝገቦች ግን አንድ ሰው ተቀምጦ ካልሞላቸው በላቲን እንደተጻፉ ይቀራሉ።

ለዴቨሎፐሮች ሁለት ነጥብ

አንደኛ፣ ሞክሼ ፊደላት። «ፀሐይ» በፀ ወይም በጸ፣ በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ይጻፋል፤ 2 × 3 = 6 አጻጻፍ። ለኮምፒውተሩ እነዚህ 6 የተለያዩ ቃላት ናቸው። መፍትሔው በፍለጋው ኢንዴክስ ውስጥ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል ማምጣት፣ ተጠቃሚው የሚጽፈውንም በዚያው መንገድ መለወጥ ነው። መዝገቡን ራሱን ግን አትንኩ። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነት ነው።

ሁለተኛ፣ ስም። በቤተሰብ ስም የሚደረድር ፎርም ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ያደርጋቸዋል፤ ዓለማየሁ ግን የአባታቸው ስም ነው። ማርክ ለዚህ ቦታ አለው፦ 100 ፊልድ ላይ የመጀመሪያው ጠቋሚ 0 ሲሆን ስሙ በመጠሪያ ይጀምራል፤ 1 ሲሆን በቤተሰብ ስም። ፕሮግራማችሁ 1ን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ አርሙት።

መልመጃ፦ ኮሃን ጫኑና ርዕሱ ውስጥ «ፀሐይ» ያለበት አንድ መጽሐፍ መዝግቡ። ከዚያ በ6ቱም አጻጻፍ ፈልጉት። የማይገኝበት አጻጻፍ ካለ፣ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።