በአስቤስቶስ ለታመመ የፋብሪካ ሠራተኛ በአሜሪካ ሕግ ያሉ መብቶች

አስቤስቶስ እሳትና ሙቀት የማይበግረው ጭረታማ ማዕድን ነው። በአሜሪካ ፋብሪካዎች ለአሥርት ዓመታት የእንፋሎት ቧንቧ ተሸፍኖበታል፤ የጣሪያ ክዳንና የመኪና ፍሬን ሸራም ተሠርቶበታል። ሲቆረጥ ወይም ሲፋቅ የሚበነው ደቃቅ ጭረት በትንፋሽ ገብቶ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ከሚያስከትላቸው በሽታዎች ዋነኞቹ ሦስት ናቸው፦ አስቤስቶሲስ የሚባለው የሳንባ ጠባሳ፣ የሳንባ ካንሰር፣ እንዲሁም የሳንባን ወይም የሆድ ዕቃን ሽፋን የሚያጠቃው ሜሶቴሊዮማ። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። እስከዚያ ሠራተኛው ጡረታ ይወጣል፣ ፋብሪካው ይዘጋል፣ አምራቹም ይከስራል። የሠራተኛው መብት ግን ከፋብሪካው ጋር አይዘጋም።

የመጀመሪያው መንገድ የሠራተኞች ካሳ ነው። ይህ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በራሱ ሕግ የሚያስተዳድረው የመድን ሥርዓት ነው። ሠራተኛው በሽታው ከሥራው የመጣ መሆኑን እንጂ የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። የሕክምና ወጪውና ካጣው ደመወዝ ከፊሉ ይከፈለዋል። በአንጻሩ አሠሪውን በፍርድ ቤት መክሰስ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድለትም፤ ለደረሰበት ሥቃይም ካሳ አያገኝም።

ሁለተኛው መንገድ አስቤስቶስ ያለበትን ዕቃ ያመረተውን ድርጅት መክሰስ ነው፤ አሠሪውን የሚከልለው ሕግ አምራቹን አይከልልምና። ለዚህ መሠረት የጣለው የክላረንስ ቦረል ጉዳይ ነው። ቦረል በቴክሳስ የሙቀት መከላከያ ገጣሚ ሆኖ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቷል። ክሱ ሳይሰማ በ1970 በመሞቱ ባለቤቱ ተተክተው ቀጠሉ። የፌዴራሉ አምስተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ1973፣ አምራቾች የሚያውቁትን ወይም ሊያውቁት ይገባ የነበረውን አደጋ ለሠራተኛው የማስጠንቀቅ ግዴታ ነበረባቸው ሲል ወሰነ።

አምራቹ ከከሰረ ሦስተኛው መንገድ የአደራ ፈንድ ነው። ጆንስ ማንቪል የተባለው ኩባንያ በክስ ብዛት የተነሣ በ1982 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ለበሽተኞች የተቋቋመው ፈንድም በ1988 ሥራ ጀመረ። ኮንግረስ ይህን አሠራር በ1994 በኪሳራ ሕጉ ውስጥ አካተተው። በርካታ ኩባንያዎችም ይህንኑ ተከትለው ፈንድ አቋቁመዋል። ከብዙ አምራቾች ዕቃ ጋር የሠራ ሰው ለየፈንዱ ማመልከት ይችላል። ገንዘቡ ለወደፊት በሽተኞችም ሊዳረስ ስለሚገባ ግን የሚከፈለው ከተመደበው መጠን ከፊሉ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በሁሉም መንገድ ላይ ይርጋ አለ። ለክስ የሚቆጠረው ጊዜ በመሠረቱ የሚጀምረው ብናኙ ከተሳበበት ቀን ሳይሆን በሽታው ከታወቀበት ወይም ሊታወቅ ይገባ ከነበረበት ቀን ነው። ጊዜው በኒው ዮርክ 3 ዓመት፣ በቴክሳስ 2 ዓመት ነው። በካሊፎርኒያ ከሥራ የሚያግድ የአካል ጉዳት መድረሱም ታይቶ የሚቆጠር 1 ዓመት ብቻ ነው። ሠራተኛው ከሞተ ቤተሰቡ የራሱ የክስ መብትና የራሱ ይርጋ ይኖረዋል። ስለዚህ ሐኪሙ የበሽታውን ስም የነገረበት ቀን በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል።

ቤተሰብም በራሱ ሊታመም ይችላል። ማታ የባሏን የሥራ ቱታ አራግፋ የምታጥብ ሚስት ያንኑ ብናኝ ትስባለች። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 በኬስነር ጉዳይ አሠሪዎች ከሠራተኛው ጋር በአንድ ቤት ለሚኖሩ ሰዎችም የጥንቃቄ ግዴታ እንዳለባቸው ወስኗል።

የጉዳዩ ክብደት ያለው ማስረጃው ላይ ነው። የሐኪም ውጤት በሽታውን እንጂ የአምራቹን ስም አይናገርም። የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዓመት እንደነበር የሶሻል ሴኩሪቲ (የፌዴራል መንግሥት የጡረታ ዋስትና) የገቢ መዝገብ ያሳያል። በአስቤስቶሱ ዕቃ ከረጢት ላይ የየትኛው አምራች ስም ተጽፎ እንደነበር የሚያስታውስ የሥራ ባልደረባም ትልቅ ምስክር ነው። የፌዴራል የሥራ ደኅንነት ደንብ አሠሪዎች የብናኝ ልኬት መዝገብን 30 ዓመት፣ የሠራተኛውን የጤና መዝገብ ደግሞ ለአገልግሎት ዘመኑና ከዚያ በኋላ ለ30 ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል፤ ሠራተኛውም መዝገቡን የማየት መብት አለው። የሜሶቴሊዮማ በሽተኛ ጊዜው አጭር ስለሚሆን ቃሉ ሳይዘገይ በቪዲዮ ሊቀረጽ ይገባል።

በመጨረሻ የሚመጣው የስምምነት ሰነድ ነው። በብዙ ክፍለ ግዛቶች አስቤስቶሲስና በኋላ የሚከተል ካንሰር ለየብቻ ሊያስከስሱ ይችላሉ። ሰነዱ ግን “ወደፊት የሚመጣ በሽታን ጨምሮ” የሚል ሐረግ ካለበት፣ የዛሬው ፊርማ የነገውን መብት ሊያስቀር ይችላል። ይህ ሐረግ መኖር አለመኖሩ ከመፈረም በፊት በጠበቃ ሊመረመር ይገባል።