የዕጣንን ዛፍ ያለ ዘር ስለ ማባዛት

በመተማና በቋራ ቆላዎች የዕጣን ዛፍ ዝናብ በሚያጥርበት ዓመት ጭምር ለነዋሪው ገቢ የሚያስገኝ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ዘሩ ቢበቅልም ቡቃያው በከብት እየተጋጠና በሰደድ እሳት እየተቃጠለ አያድግም። በመተማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት፣ ሁኔታው ካልተለወጠ ምርቱ በ15 ዓመታት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። ስለዚህ በቁራጭ ማባዛት አንዱ አማራጭ ነው። አሠራሩም የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ቅርንጫፉ የሚቆረጠው ዛፉ ቅጠሉን ባራገፈበት በበጋ፣ አዲስ ቅጠል ሳያቆጠቁጥ ነው። ሥር ለማውጣት የሚያስፈልገው ስንቅ በዚህ ጊዜ በእንጨቱ ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል።

2ኛ/ ቀጭኑ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር የሚረዝም ወፍራም ቁራጭ ይመረጣል።

3ኛ/ ቁራጩ በመድማት ብዛት ካልተዳከሙ ልዩ ልዩ ዛፎች ይወሰዳል። ሁሉም ከአንድ ዛፍ ከተወሰደ አንድ ተባይ ሁሉንም ሊያጠፋ ይችላል።

4ኛ/ ውሃ በማይቋጥር መሬት፣ የግርጌው ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ይተከላል፤ አፈሩም በሚገባ ይጠቀጠቃል።

5ኛ/ ቦታው ከከብትና ከእሳት ይከለላል።

ቁራጭ የቆመውን ደን አይተካም። ስለሆነም የሠፈራ ቦታ ሲመረጥ፣ ከምንጣሮው አስቀድሞ የዕጣኑ ደን ተለይቶ ሊከለል ይገባል።